በር ላይ የቀሩ ቤተሰቦችን እርካታ እንዴት እንደጠየቅን

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበርሁ። ክፍላችን ለኮቪድ ሕሙማን ከተመደበ በኋላ ጠያቂም አስታማሚም እንዳይገባ ተከለከለ። በአገራችን ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን የሚያጎርሰው፣ ገላውን የሚያብሰው፣ የጠፋ መድኃኒት ከተማውን ዞሮ የሚያመጣውና ሌሊት ነርስ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በር ላይ ሲቀር ዘመዱን ከማየት ባሻገር ሥራውንም ተነፈገ።

የጀመርነው በስልክ ነው። ሐኪሞቹ ሕሙማኑን ዞረው ካዩ በኋላ፣ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደውል ነበር። ሰዓቱ እንዳይዛነፍ አጥብቄ የተሟገትሁት፣ መቼ እንደሚደወልለት የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጁ ይዞ እህል ሳይቀምስ እንደሚውል ስላየሁ ነው። ቤተሰቦች ቶሎ የለመዱት ጥያቄ «ኦክስጅኑ ስንት ገባ?» የሚል ነበር። በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ከመቶ 88 የነበረው 92 ሆነ ሲባሉ ይደሰታሉ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ ያለው የሚሰጠውን ኦክስጅን ስለጨመርን ከሆነ ሕመምተኛው ተሻለው ማለት አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን መንገር ትተን፣ ከትናንት ይሻላል ወይስ ይብሳል፣ ዛሬ ምን ተደረገለት፣ በሆዱ ያስተኛነው ለምንድን ነው፣ ነገስ ምን እንጠብቃለን የሚለውን በተራ አማርኛ ማስረዳት ያዝን።

ከመዝጋታችን በፊት «ስለ እሳቸው ብናውቀው የሚጠቅመን ነገር አለ?» ብለን መጠየቅ ስንጀምር ንግግሩ ተለወጠ። አንዲት ልጅ እናቷ በግራ ጆሮአቸው እንደማይሰሙ ነገረችን። «በቀኝ በኩል ያናግሯቸው» ብለን በፕላስተር ላይ ጽፈን አልጋቸው ራስጌ ለጠፍን፤ በማግሥቱ ልጅቱ ከኦክስጅኑ አስቀድማ የጠየቀችው ጽሑፉ አሁንም መለጠፉን ነበር።

የሚደወልለት ሰው ማን ይሁን የሚለው ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ሆነ። መርዶ በእኛ ዘንድ ለሚስት ወይም ለእናት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰባስቦ ማልዶ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ሲገባ ሁለት ስም እንመዘግብ ነበር፤ አንዱ የየዕለቱን ወሬ የሚቀበል፣ ሌላው ደግሞ «ለከባድ ጉዳይ» የምናገኘው የቤተሰቡ ትልቅ ሰው። ለምን ሁለት እንደሆነ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ገብቶታል።

እርካታን ለመለካት መነሻ ያደረግነው በካናዳ የተጀመረውንና በብዙ አገሮች የሚሠራበትን ባለ 24 ጥያቄ መጠይቅ ነው። 14ቱ ጥያቄዎች ስለ እንክብካቤ፣ 10ሩ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ሲሆኑ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰላል። ችግሩ ዘመዱ በእጃችን ያለ ሰው እውነቱን አይነግረንም። «ተመስገን፣ እናንተማ ምን ታደርጉ!» ይላል፤ ይህን መልስ እርካታ ብሎ መመዝገብ ራስን ማታለል ይመስለኛል። ስለዚህ ጠያቂው በክፍሉ ውስጥ የማይሠራ ሰው እንዲሆን፣ ጊዜውም ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ እንዲሆን፣ ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ ደግሞ አርባው ሳይወጣ እንዳይደወል አደረግን። «ምን ያህል ረክተዋል?» ከሚለው ይልቅም የሆነውን ጠየቅን፤ ሳይደወልልዎ የቀረ ቀን ነበር? ያነጋገረዎትን ሰው ስም ያውቃሉ? ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ነግሮዎት ያውቃል?

ቅሬታው የፈሰሰው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። ጠዋት በር ላይ ጥበቃው «ደኅና ነው» ያለውን ሰው፣ ማታ ደውሎ ያገኘው ተረኛ «መተንፈሻ ማሽን ላይ ገብቷል» ሲለው፣ ቤተሰቡ ከሕመሙ ይልቅ እኛን መጠራጠር ይጀምራል። አሜሪካ ያለው ወንድም በሌሊት ደውሎ ሦስተኛ ወሬ ከሰማማ ነገሩ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕመምተኛው የሚናገረው የዕለቱ ደዋይ ብቻ ሆነ፤ የተናገረውንም በካርዱ ላይ ጽፎ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል።

የውሳኔ ጥያቄዎቹ ግን እንደተጻፉ አልሠሩልንም። ቬንቲሌተር (መተንፈሻ ማሽኑ) ይደረግለት ወይስ አይደረግለት በሚባልበት ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ቃል አይሰጥም፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመክራል። ለእንዲህ ያለው ንግግር ቀጠሮ እየያዝን፣ እነሱ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ከበው፣ ሐኪሙ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያስረዳ አደረግን። ጠያቂ መግባት ከተፈቀደ በኋላም፣ ዘመዶቻቸው በክፍለ ሀገር ላሉ ሕሙማን ይህንኑ አሠራር አላቋረጥንም።