ኮረፌ በደባርቅ

ዛሬ ከስሜን ተራሮች ወርጄ ደባርቅ ስገባ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር። ሻይ ቀረበልኝ፤ እኔ ግን የአካባቢውን የገብስ መጠጥ፣ ኮረፌን ፍለጋ ወጣሁ።

«ያው ጠላ አይደል?» ብል የቤቱ እመቤት ሳቁብኝ። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱም ወራት ይቆያል። ሲፈለግ ጥቂት ይወጣና ውሃ ተጨምሮበት በማግስቱ ይጠጣል። ወፍራም ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፤ ከመጠጥነት ይልቅ ወደ ምግብነት ይጠጋል። (እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ስጎነጭ ፊቴ ተጨማዶ ነበር።)

ሁለተኛውን ዋንጫ እምቢ ብል «በሞቴ!» አሉኝ። በሞቴ ተብሎ እምቢ ይባላል? ሦስተኛውም በዚያው መንገድ ገባ።

አሁን ጣቶቼ ሞቀዋል። ነገ ማለዳ ለጎንደሩ ሚኒባስ መነሳቴን ግን እንጃ።