ሁለት ጊዜ የፈረምነው ስምምነት

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የምሠራበት የምርምር ማዕከል የአፈር ቤተ ሙከራ ካለው አንድ መሥሪያ ቤትና ከአንድ የክልል ቢሮ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። ሰነዱን ያረቀቅሁት እኔ ስለነበርሁ ጥፋቱን የምጋራው ሰው የለኝም። በአራት ገጹ ላይ ሦስቱ ወገኖች «መረጃ ይለዋወጣሉ»፣ «የቤተ ሙከራ አገልግሎት በጋራ ይጠቀማሉ»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ ባለሙያ ይመድባሉ» የሚሉ፣ ማንም ሊቃወማቸው የማይችል አንቀጾች ተደርድረዋል። የሕግ ክፍሉ በአንድ ቀን አይቶ መለሰው፤ ማኅተም ተመታበት፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ሻይ ቡና ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከዚህ ሰነድ የተገኘው ነገር አንድ መኪና የአፈር ናሙናና ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ችግሩ የፍላጎት ማነስ አልነበረም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት መጠቃቱ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ግምት ነው፤ ዝናብ በሚበዛባቸው የደቡብና የምዕራብ ደጋዎች ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ሲወስድ በአፈሩ ውስጥ አሉሚኒየም ያይላል፣ ፎስፈረሱ ሰብሉ እንዳይወስደው ይታሰራል፣ ገብሱና ባቄላው ይቀጭጫል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ሆኖም በኩንታል የሚቆጠርና በጭነት መኪና የሚመላለስ ከባድ ዕቃ ስለሆነ፣ የትኛው ማሳ ምን ያህል እንደሚፈልግ ሳይታወቅ መበተኑ ገንዘብን ከመበተን አይለይም። እኛ የማሳ ሙከራ ውጤት ነበረን፤ ቤተ ሙከራው የብዙ ዓመታት የትንተና መዝገብ ነበረው፤ ቢሮው የልማት ሠራተኞችና ተሽከርካሪ ነበሩት። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ሲገቡ በሬዎቹ የማን ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደሚውሉና ከሁለቱ አንዱ ቢታመም ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ይነጋገራሉ። እኛ፣ የተማርነው፣ ይህን አልተነጋገርንም።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት 120 ናሙና በፒክአፕ ጭነን ወደ ቤተ ሙከራው ላክን። ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን የተባለው መሣሪያ የሚሠራው በአሴቲሊን ጋዝ ነው፤ የጋዙ ሲሊንደር ባዶ ነበር። «የቤተ ሙከራ አገልግሎት በጋራ ይጠቀማሉ» የሚለው አንቀጽ መሣሪያውን እንጂ ጋዙን፣ ኬሚካሉን፣ የተጣራውን ውሃና የቴክኒሻኑን የትርፍ ሰዓት ክፍያ አያውቃቸውም። እነርሱ ለጋዝ የያዙት በጀት አልቆ ነበር፤ እኛ ደግሞ ለሌላ መሥሪያ ቤት ጋዝ የምንገዛበት የሂሳብ መደብ አልነበረንም። ደብዳቤ ጻፍን፤ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል መልስ መጣ። በመጋቢት ራሴ ሄጄ ስጠይቅ ናሙናዎቹን መጋዘን ውስጥ፣ ከወንበር ክምር ሥር አገኘኋቸው። የክረምቱን እርጥበት እንደያዙ፣ በአየር ሳይደርቁ በላስቲክ ታስረው ስለተላኩ ሻግተዋል። መለያ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፈን ከአፈሩ ጋር የከተትናቸው ወረቀቶችም ቀለማቸው ፈስሶ ሰማያዊ ጭቃ ሆነዋል። ከ120ው ውስጥ የ31ዱ ማንነት ሊለይ አልቻለም። እዚህ ላይ ቤተ ሙከራውን ለመውቀስ ብዙ ሰበብ ነበረኝ፤ ሳያደርቁ ያሰሩት ግን የእኛ ሰዎች ናቸው፣ አለቃቸውም እኔ ነበርሁ።

የመረጃው ነገር ከናሙናው የባሰ ነበር። የትንተናውን መዝገብ በእጃቸው የያዙት፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ናቸው። መረጃው ያልተሰጠን በቢሮክራሲ ምክንያት ይመስለኝ ስለነበር የሥራ ኃላፊዎችን ደጅ ስጠና ከረምሁ። በመጨረሻ ወደ ቢሯቸው ገብቼ በቀጥታ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህን ፋይል ስትጠይቀኝ አንተ አራተኛው ነህ። የሦስቱን ሰዎች ጽሑፍ ታትሞ አንብቤዋለሁ። ስሜን ምስጋናው ውስጥ እንኳ አላገኘሁትም።»

የምመልሰው አጣሁ። የእኔ ሰነድ «መረጃው የተቋማቱ የጋራ ሀብት ነው» ይላል፤ ሃያ ዓመት ጭቃ ረግጦ መረጃውን ስለሰበሰበው ሰው የተጻፈበት ነገር የለም።

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ሁሉንም ስጠኝ አትበለኝ። የአንድ ወረዳ ስጠኝ በለኝና አብረን እንየው።»

የመረጥነው የሲዳማዋን ሁላን ነበር። ፋይሉ 214 መስመር ያለው የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው፤ በግማሽ ቀን የምንጨርሰው መስሎኝ ነበር፣ ሦስት ቀን ፈጀብን። በአንዳንዱ መስመር ቦታው «ሁላ»፣ በሌላው በወረዳዋ ከተማ ስም «ሀገረ ሰላም» ተብሏል። ሀገረ ሰላም የሚባል ከተማ በትግራይም ስላለ፣ እኛ ዘንድ የነበረ አንድ ወጣት ባለሙያ ቀደም ሲል በሠራው ካርታ ላይ አሥራ አንድ የሲዳማ ናሙናዎች ተከዜን ተሻግረው ነበር። የቦታ መለኪያው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከአሮጌው የመሬት አቀማመጥ ካርታ የተነበበው «አዲንዳን» በተባለው የቦታ ልኬት መነሻ፣ በጂፒኤስ የተወሰደው በዓለም አቀፉ መነሻ የተመዘገበ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል፤ በደጋ አገር 200 ሜትር ማለት ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ ዳር ሊሆን ይችላል።

«ይህ 2004 የእኛ ነው የፈረንጅ?» ብዬ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያስቡና፣ በዚያ ዓመት መኪናውን የያዘው ሾፌር ማን እንደነበር አስታውሰው «የእኛ ነው» ይሉኛል። ይህን ዓይነት ዕውቀት የሚያስተላልፍ አንቀጽ እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ቁጥሩ ውስጥ የተደበቀው ነበር። ፒኤች (ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አፈሩ አሲዳማ መሆኑን የሚያሳይ ልኬት) ከሚለው አምድ ሥር አንዳንዱ ውጤት በውሃ፣ አንዳንዱ በፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት የተለካ ነው። በሁለተኛው ዘዴ የሚገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ዝቅ ስለሚል፣ ሳይለያዩ ከተደባለቁ ደህናው ማሳ የታመመ ይመስላል፤ የማያስፈልገው ኖራም ይታዘዝለታል። የፎስፈረሱም እንዲሁ ነው፤ የድሮዎቹ በኦልሰንና በብሬይ 2 ዘዴ የተሠሩ ሲሆን፣ የኋለኞቹ ኢትዮሲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥራ በተጠቀመበት በሜህሊክ 3 የተሠሩ ናቸው። የሦስቱ ዘዴዎች ቁጥሮች እንደወረዱ አይወዳደሩም። ይህን ሁሉ፣ አምድ በአምድ፣ ምን ማለት እንደሆነና በምን እንደተለካ በደብተር ስንጽፍ ስድስት ገጽ ሞላ። እነዚያ ስድስት ገጾች የሁለተኛው ስምምነታችን አባሪ ቁጥር 1 ሆኑ፤ ስምምነቱ ራሱ የተጻፈው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ሰነድ በታኅሣሥ 2014 ስንፈርም ዋናው አካል ሁለት ገጽ፣ አባሪዎቹ አሥራ አንድ ገጽ ነበሩ። የሕግ ባለሙያችን «በመግባቢያ ሰነድ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ሲጻፍ አይቼ አላውቅም» ብለው ለሁለት ሳምንት ይዘውት ነበር። ክርክሩ ግን ጠቅሞናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1679 መሠረት ውል የሚመሠረተው ተዋዋዮቹ የግዴታቸውን ጉዳይ ወስነው ሊገደዱበት ሲስማሙ መሆኑን አንሥተው፣ «የትኛው ላይ ነው ልትገደዱ የፈለጋችሁት?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄውን ይዘን ተቀምጠን፣ ትብብሩን የሚመለከተውን ክፍል የመልካም ፈቃድ መግለጫ አደረግነው፤ የወጪውን፣ የምስጢር አጠባበቁንና የሰዎች ስም አጠቃቀሙን ክፍል ግን አስገዳጅ ነው ብለን በግልጽ ጻፍን።

በአባሪ ቁጥር 2 ጋዝና ኬሚካል በዓይነት የሚያቀርበው ናሙና አምጪው ወገን ሆነ፤ መሣሪያው በሳምንት ሁለት ቀን ለጋራው ሥራ ተመደበ፤ ብልሽት ሲያጋጥም በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በስልክም ቢሆን ማሳወቅና ናሙናውን መመለስ ግዴታ ሆነ። ናሙና በአየር ደርቆ፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ፣ መለያው በእርሳስ ተጽፎ በሁለት ላስቲክ መካከል ካልመጣ ቤተ ሙከራው አይቀበልም። አባሪ ቁጥር 3 ላይ የአንጋፋው ተመራማሪ ቅሬታ በሚከተለው መልክ ገባ፦ አንድ ጽሑፍ በዋናነት በሌላው ወገን መረጃ ላይ ከቆመ ሰብሳቢው ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ በጸሐፊነት ይጋበዛል፤ ባይፈልግ ስሙ ከመረጃው ጋር ይጠቀሳል። ዕድሜ ልኬን ካረቀቅኋቸው አንቀጾች በጣም የምወደው ግን በመጨረሻ የገባው ነው፤ አባሪዎቹን የበላይ ኃላፊዎች እንደገና ሳይፈርሙ የሦስቱ አስተባባሪዎች በጋራ ደብዳቤ ማሻሻል ይችላሉ ይላል። እስካሁን አምስት ጊዜ አሻሽለናቸዋል።

አንድ ያላሰብሁት ነገር የመዋቅር ለውጥ ነው። በመጀመሪያ ስንፈራረም ሁላ በደቡብ ክልሉ ቢሮ ሥር ነበረች፤ ሰኔ 2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ግን የፈረምነው ሰነድ ስለ ሁላ ዋጋ አጣ። በዚህ ተምረን «የፈራሚው ሥልጣን ለሌላ አካል ቢተላለፍ ተተኪው እስኪያሳውቅ ድረስ ስምምነቱ ይቀጥላል» የሚል አንቀጽ አስገባን፤ በሰንጠረዡም የክልልን ስም ትተን ወረዳን በመለያ ቁጥር መዘገብን። ነሐሴ 2015 የቀድሞው ደቡብ ክልል ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ሲከፈል አንቀጹ አተረፈን። ይሁን እንጂ አንቀጽ ብቻውን አላዳነንም፤ አዲሶቹ ኃላፊዎች የወረሱት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አምስት ጊዜ ያህል ተመላልሻለሁ፣ ከእነርሱ አንዱ መልስ የሰጠን ከዓመት በኋላ ነው።

የገበሬዎቹ ጉዳይም አለ። የድሮዎቹ የመስክ ቅጾች ስም፣ የአባት ስም፣ ኋላ ኋላም ስልክ ቁጥር ይይዛሉ፤ በመጀመሪያው ሰነድ ይህ ሁሉ «መረጃ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ነበር። አንድ የሁላ ገበሬ ናሙና ስንወስድ «የመሬቴን ቁጥር ማን ነው የሚያየው? ለግብር ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ የፈረምሁበትን ባስብ እውነተኛው መልስ «አላውቅም» ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙን ከሰንጠረዡ ነጥለን በማዕከሉ ቁልፍ ሥር አስቀመጥነው፤ በቦታውም ኮድ ገባ፤ ከሦስታችን ውጭ ለሚወጣ ፋይል የቦታ መለኪያው በዲግሪ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲይዝ አደረግን፤ ያም ማሳውን በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ያደበዝዘዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ የቀረን ሥራ ቅጹን ማስተካከልና ፈቃዱን በሲዳምኛ አንብቦ መጠየቅ ነበር። የትንተናውንም ውጤት ለየባለማሳው በወረቀት መመለስ ጀመርን፤ ይህን ከመጀመሪያው አለማድረጋችን እስካሁን ያሳፍረኛል።

ያልተስተካከለም ብዙ አለ። ፋይል አሁንም በፍላሽ ይመላለሳል፤ «የመጨረሻው»፣ «እውነተኛው የመጨረሻው» የሚሉ ሰንጠረዦች በየኮምፒውተሩ ተከማችተዋል። ሌላ ድርጅት መረጃውን ሲጠይቅ ማን ይፍቀድ የሚለውን ሁለት ጊዜ ተሰብስበን አልቋጨነውም፤ እኔ ሦስቱም ይፍቀዱ እላለሁ፣ ቤተ ሙከራው ሰብሳቢው ብቻ ይበቃል ይላል።

አንጋፋው ተመራማሪ ጡረታ የወጡት በ2014 ነው። ስማቸው ያለበት የመጀመሪያው ጽሑፍ ታትሞ ቅጂውን ስወስድላቸው ምንም አላሉም፤ ወደ ጓዳ ገብተው በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት የመስክ ደብተሮች ይዘው ወጡ። ወደ ኮምፒውተር ገብተው የማያውቁ፣ ከኤክሴሉ የሚቀድሙ ናቸው። ሁለቱን ጽፈን ጨርሰናል። የሦስተኛው ገጾች በዝናብ ተጣብቀው ስለቆዩ በምላጭ እየለያየን ነው፤ በቀን ከአራትና ከአምስት ገጽ አናልፍም።