ያቺ የፕላስተር ቁራጭ

ኮሚክ፣ ማለትም ታሪክን በሥዕል የሚተርክ መጽሔት፣ መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እስካሁን አንዱንም ብል አልበላብኝም። ጎርፍ አልገባብኝም፤ እሳትም አልደረሰብኝም። ከስብስቤ ውስጥ የተበላሹት በሙሉ የተበላሹት በገዛ እጄ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ግማሾቹን ያበላሸኋቸው ልጠብቃቸው ስል ነው።

የመጀመሪያውን ልንገራችሁ። ሽፋኑ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሆነ ኮሚክ ነው። ስፈልገው ከርሜ ነው ያገኘሁት። አራቱም ማዕዘኑ ሹል፣ ገጾቹ የተያያዙበት እጥፋት ላይ አንድ ጭረት የሌለው። እንደ ደንቡ ለኮሚክ የሚሠራውን ፕላስቲክ ከረጢት ገዛሁ፤ ከጀርባው የሚደግፈውንም ካርቶን ገዛሁ። አስገባሁት፣ ክዳኑን አጠፍኩ፣ በግልጽ ፕላስተር አሸግኩት። ሁለት ሌሊት የሰላም እንቅልፍ ተኛሁ።

ከወር በኋላ ጓደኛዬን "ና ላሳይህ" አልኩት። ፕላስተሩን ከአንድ ወገን ላጥኩና ክዳኑ ላይ እንደተንጠለጠለ ኮሚኩን ወደ ላይ ሳብኩ። "ጭርር" አለ። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰብሳቢ አይረሳውም። ፕላስተሩ ዞር ብሎ ሽፋኑን ነክሶታል። የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ቀለም ይዞ ተነሳ፤ ከሥሯ ነጩ ወረቀት አፈጠጠብኝ። ጓደኛዬ "ምን ችግር አለው፣ ትንሽ ናት እኮ" አለ። ጥሩ ሰው ነው። ሰብሳቢ ግን አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙውን ጊዜ ፕላስተር አልጠቀምም። ክዳኑን ወደ ውስጥ አጥፌ በካርቶኑና በከረጢቱ ጀርባ መካከል እሸጉጠዋለሁ። ሲገዛ ጀምሮ ፕላስተር ካለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ልጬ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እለጥፈዋለሁ። ኮሚኩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲወጣም ብቻውን አይሳብም። ካርቶኑንና ኮሚኩን አንድ ላይ ይዤ ነው የማንሸራትተው፤ ካርቶኑ ደጋፊው ነው።

መመለሱ ከማውጣቱ ይከፋል። አንብበን ጨርሰናል፣ ሐሳባችን ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ቶሎ ሸጎጥ አድርገን መነሳት እንፈልጋለን። የታችኛው ማዕዘን የሚታጠፈው በዚያች ሰዓት ነው። እኔ መጀመሪያ ኮሚኩን ካርቶኑ ላይ አስተካክዬ አስተኛለሁ። የከረጢቱን አፍ በሁለት ጣት እከፍታለሁ። ሁለቱ የታች ማዕዘኖች መግባታቸውን በዓይኔ ሳላይ አልገፋም።

ለመሆኑ ኮሚክ ለምን እንዲህ ስስ ሆነ? ሲሠራ እንዲቆይ ስላልታሰበ ነው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት እትም እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። አንብበው የሚጥሉት ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ያገለገለ ወረቀት ሲያሰባስቡ ስንቱ ኮሚክ ወደ መፍጫ ገባ። የዚያው የ1938ቱ እትም አንድ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

የድሮ ኮሚክ የውስጡ ወረቀት የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ። እንጨት ውስጥ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። አሲድ ይመጣል፤ አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ እየበላ ያደርቀዋል። ወረቀቱ ጠላቱን በሆዱ ይዞ ነው የተወለደው። የቆየ ኮሚክ ስትገልጡ ዳሩ ቡናማ፣ መሀሉ ነጣ ያለ ሆኖ የምታገኙት አየሩ የሚገባው ከዳር ስለሆነ ነው። ያ ደስ የሚለው የድሮ ወረቀት ሽታም ወረቀቱ እየፈረሰ ሲሄድ የሚወጣ ነው። እኔ እወደዋለሁ፣ አልዋሽም።

ሰብሳቢዎች ሁሌ የሚያነሱት አንድ ታሪክ አለ። ኤድጋር ቸርች የሚባል የኮሎራዶ ሰው ለብዙ ዓመታት ኮሚክ እየገዛ ቤቱ ውስጥ ያከማች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ቸክ ሮዛንስኪ የተባለ የኮሚክ ነጋዴ ስብስቡን ገዛው። ከ18 ሺህ እስከ 22 ሺህ ኮሚክ እንደነበረው ይገመታል። ያን ያህል ዘመን ቆይተው ገጻቸው ነጭ፣ ቀለማቸው ትናንት የታተመ ይመስል ነበር። ዛሬ የማይል ሃይ ስብስብ እየተባለ ይጠራል፤ ከእሱ የወጣ ኮሚክ ስሙ ብቻ ዋጋውን ይጨምረዋል።

አሁን ልብ በሉ። ሰውየው ማይላር የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት አልነበረው፣ ልዩ ካርቶን አልነበረው። ደራርቦ ነው ያስቀመጣቸው። ቦታው ግን ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ነበር። ክምሩ እርስ በርሱ ተጫጭኖ አየር አላሳለፈም። ደግሞም "ና ላሳይህ" እያለ አውጥቶ የሚያስገባቸው ሰው አልነበረም። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የገዛ እጄን አያለሁ።

ስለ እጅ ካነሳን፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጎ ኮሚክ የሚገልጥ ሰው በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ያምራል። እኔ አልወደውም። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ ወረቀቱን ይዛችሁት ይሁን አጥፋችሁት አይታወቃችሁም። ክሩም የተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ ይጠመዳል። በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ወረቀት የሚንከባከቡ ባለሙያዎችም በአብዛኛው የሚመክሩት ንጹሕና ደረቅ እጅ ነው። በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ አለቀ። ሎሽን የለም። ከታጠቡ በኋላ ፊት ማሸት፣ ፀጉር መነካካት፣ ስልክ ማንሳት የለም። የእጅ ወዝ ጥቁር ሽፋን ላይ ወዲያው ይታያል፤ ነጭ ላይ አድፍጦ ቆይቶ ነው የሚወጣው።

ሳነብ ጠረጴዛ ላይ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሜ ያነበብኳቸው ኮሚኮች ዛሬ ይመሰክሩብኛል። ጠረጴዛውን እወለውላለሁ፣ እንዲደርቅ እጠብቃለሁ፣ የሚጠጣ ነገር ሌላ ክፍል ይቆያል። ኮሚኩን አስተኝቼ ሽፋኑን በመዳፌ ደግፌ እንደ ገርበብ ያለ በር ከፈት አደርገዋለሁ። ከ90 ዲግሪ አላሳልፍም። ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሥዕል ሲመጣ ጠፍጣፋ አድርጌ ልየው የሚል ፈተና አለ። እኔም ተሸንፌ አውቃለሁ። ገጽ የምገልጠው በላይኛው ቀኝ ማዕዘን አጠገብ፣ በጣቴ ሆድ ቀስ ብዬ ነው። ጣትን በምራቅ ማርጠብ? እባካችሁ።

በልጅነቴ ያነበብኩትን ግማሽ ወደ ኋላ አጥፌ በአንድ እጅ እይዝ ነበር። ያን ጊዜ የነበሩኝ ኮሚኮች እጥፋታቸው ተንሻፏል። ጠረጴዛ ላይ ሲተኙ እንኳ የፊት ሽፋናቸው ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ይቀራል። በሽቦ ሳይሆን በሙጫ የተጠረዙት፣ ወፈር ያሉት፣ ደግሞ የባሱ ናቸው። ሙጫው አንዴ ከተሰነጠቀ ገጹ ይረግፋል።

ከኮሚክ ሁሉ የምሳሳለት ቦታ እጥፋቱ ነው፤ ሁለቱ የስቴፕለር ሽቦዎች ያሉበት። በተከፈተ ቁጥር ጭነቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። መብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ሽቦዎቹ አጠገብ አጫጭር የአግድም መስመሮች ታያላችሁ። ቀለሙ ሳይሰነጠቅ ጎበጥ ያለ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለው፤ ባለሙያ በሙቀት ተጭኖ ሊያቃናው ይችላል። ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጩ ከታየ ግን አበቃ። ኮሚክ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ መርምረው ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች አጉልተው የሚፈልጉት እነዚህን መስመሮች ነው። መለኪያቸው ከ0.5 እስከ 10 ይሄዳል። በ9.8 እና በ9.4 መካከል ያለው ልዩነት ተራ ዓይን የማያየው ነው፤ በዋጋ ግን ሰማይና ምድር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ሲጂሲ የሚባል ደረጃ ሰጪ ድርጅት ኮሚኩን መርምሮ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽገዋል። ለሚሸጥ ሰው ደህና ነገር ነው። ከእጅም ይጠብቃል፣ አይካድም። ግን አይነበብም። እኔ አንድም የታሸገ የለኝም። ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ጣጣዬም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ስለ ከረጢት ብዙ አልፈላሰፍም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ አጠገቡ አይድረስ፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል እየወጣ ሽፋኑን ይጎዳል። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽና ደህና ነው፤ ቢጫ ሲል ወይም ሲጨማደድ ግን ይቀየር። ማይላር ውድ ነው፤ ጥርት ያለና ብዙ ዘመን የሚኖር ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። "ከአሲድ ነጻ" ተብሎ የሚሸጥ አንዳንዱ ላዩ ብቻ የተቀባ ነው። እኔ የምመርጠው እስከ ውስጡ ከአሲድ ነጻ ሆኖ ካልሲየም ካርቦኔት የገባበትን ነው፤ ከወረቀቱ የሚመጣውን አሲድ ያከሽፋል።

በሳጥን አቀማመጥም ተሞኝቻለሁ። አንድ ሳጥን ግማሹን ሞልቼ ትቼው ከረምኩ። ስከፍተው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ጎብጠዋል፤ አውቶቡስ ሲታጠፍ እንደሚያዘነብሉ ተሳፋሪዎች። ኮሚክ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ባዶውን ቦታ በካርቶን መሙላት ነው። አጭቆ መጠቅጠቅም አይሆንም፤ አንዱን ስትመዙ ጎረቤቱን ይፍቀዋል።

ክፍሉ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ፣ እርጥበቱም ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ደስ ይለዋል። ወለል ላይ አይቀመጥ። እርጥበት ሽቦውን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ያ እድፍ አይለቅም። መስኮት አጠገብም አይሁን፤ ፀሐይ ቀለሙን ቀስ እያለች ትሰርቀዋለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አንድ ጊዜ የተቀደደ ገጽ በፕላስተር ጠግኜ ነበር። አዎ፣ ደግሞ ፕላስተር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው የሆነው። ከዓመታት በኋላ ፕላስተሩ ደርቆ ረገፈ፤ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ቀረ። የተቀደደ ኮሚክ እንደተቀደደ ይቀመጥ። ጠርዙን መከርከም፣ የለቀቀውን በማርከር ማቅለም፣ ሁሉንም የሚያውቅ ዓይን ያገኘዋል፤ ዋጋውንም ያወርደዋል። ይህን እያወቅኩ፣ በጥቁሩ ሽፋን ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ልቀባ ማርከር ይዤ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አልነግራችሁም።

ያ ኮሚክ ዛሬም አለኝ። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ጋ ሲመጣ የሚያነበው እሱን ነው። አንዴ ስለተጎዳ እንደ ሌሎቹ አልሳሳለትም። ስለዚህ ከስብስቤ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተነበበው እሱ ሆነ። ልጁ ሕጉን ያውቃል። ከካርቶኑ ጋር ያወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስተኛል፣ ገርበብ ያደርጋል። መጀመሪያ ቀን ነጯን ነጥብ አይቶ "አጎቴ፣ ይሄን ማን ነው ያደረገው?" አለኝ።

"አንድ የማውቀው ሰው" አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ እየሮጠ መጣ። "ታጥቤያለሁ!" አለ፣ ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ። ታጥቧል። ከክርኑ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ነበር።