ፋኑ ዞሯል፤ ግን ወዴት?

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አዲስ ሆቴል የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ማሽኖቹን፣ የኩሽናውን ጭስ መሳቢያና ምድር ቤት ያለውን የናፍጣ ቦይለር ለመጀመሪያ ጊዜ አስነስቶ ለርክክብ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነበር። ባለቤቱ እንግዳ ለመቀበል ቸኩሏል፤ ኮንትራክተሩ ክፍያው እንዲለቀቅለት ቸኩሏል። ሁለቱም የሚፈልጉት ማሽኑ ሲያጓራ መስማት ነው። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ማጥፊያውን ነው። የማስነሳት ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው ኃይል ሳይለቀቅ ነውና።

የፋኖቹን ብሬከር አጥፍቼ ጓጉንቸር ቁልፍ አስገባሁበት፤ መክፈቻው ኪሴ ገባ። ግንባታ ላይ ባለ ሕንፃ የፓነል ክፍሉ የሁሉም ነው። ጂፕሰም ሠሪው ለድሪሉ መብራት ሲያጣ ያገኘውን ብሬከር ያነሳል። «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ፋን ውስጥ እጅ ማስገባት ለእኔ አይሞከርም። ከዚያ ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በማውቀው ሶኬት ሞከርኩ፣ የተዘጋውን መስመር ለካሁ፣ ተመልሼ ያንኑ ሶኬት ለካሁ። ባትሪው ያለቀ ቴስተርም ያው ዜሮ ነው የሚያሳየው። ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ቪኤፍዲ ያለበት ማሽን ደግሞ ከተዘጋም በኋላ ውስጡ ኃይል ያቆያል፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው።

የማሽኖቹ ሆድ ሲከፈት የማይገኝ ነገር የለም፦ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ብሎን፣ ፌስታል፣ የምሳ ዕቃ። ፋኑን ለጉዞ አስረው የላኩት ብረቶች አሁንም እንደታሰሩ ነበሩ፤ በዚያ ሁኔታ ቢነሳ ንዝረቱ በሙሉ ወደ ጣሪያው ይወርድ ነበር። የፑሌጃዎቹን መስመር በሲባጎ አየሁ፣ ቺንጊያውን ጫን ጫን አድርጌ ውጥረቱን ፈተሽኩ፣ ፋኑን በእጄ አዙሬ የኩሽኔታውን ድምፅ አዳመጥኩ። እሳት ማገጃ ዳምፐሮቹም፣ ማለትም የአየር ቧንቧው ውስጥ ያሉት መዝጊያዎች፣ ክፍት መሆናቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ዝግ ዳምፐር ላይ ትልቅ ፋን ማስነሳት ዳክቱን፣ ማለትም የአየር ቧንቧውን ያጣምመዋል።

ሞተሮቹን ከቪኤፍዲያቸው ነጥዬ በ500 ቮልት ሜገር፣ ማለትም በሽቦ ሽፋን መፈተሻ ለካሁ። ሳይነጥሉ መለካት ቪኤፍዲውን ይገድለዋል። ክረምቱን ጣሪያ ላይ ሸራ ለብሶ የከረመ አንድ ሞተር ከ1 ሜጋኦም በታች አሳየ። እርጥበት ነው። በቀስታ ሙቀት አድርቀነው ንባቡ እስኪስተካከል ድረስ አላስነሳሁትም።

አሁን ወደ አርእስቱ ልምጣ። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኃይል መስመር የሚሠራ ሞተር ሁለት ፌዝ ከተለዋወጠበት በተቃራኒው ይዞራል። ዳክት ውስጥ የሚገባ ባለ ምላጭ ፋን ከሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ የሚያወጣው አየር ይገባል። ቀንድ አውጣ መሳይ ቤት ውስጥ የሚዞረው ሴንትሪፉጋል ፋን ግን ያታልላል። በተቃራኒው ዞሮም አየሩን የሚገፋው በዚያው በኩል ነው፤ ብቻ በጣም ያነሰ። ድምፅ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ወረቀት ያበርራል፤ ያየው ሁሉ «ይሠራል» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ አስነስቼ ወዲያው አጠፋለሁ፤ እየዘገየ ሲቆም ደግሞ በቺንጊያው መከለያ ወንፊት በኩል ከቤቱ ላይ ካለው ቀስት ጋር አስተያየዋለሁ።

በመብራት ኃይል ሁሉም ልክ ነበር። ፈተናው የመጣው በጄኔሬተር ነው። እዚህ አገር መብራት እንደሚጠፋ እያወቁ ማሽን በአንድ ምንጭ ብቻ ፈትሾ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው፤ ቼንጅ ኦቨሩን፣ ማለትም የኃይል ምንጭ መቀያየሪያውን አስገልብጬ እያንዳንዱን እንደገና አየሁ። የኩሽናው ጭስ መሳቢያ በጄኔሬተር ወደ ኋላ ዞረ። የቦይለሩ ኦፕሬተር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ እጃቸውን ከሁዱ ሥር ዘርግተው «ኧረ ይስባል እኮ ኢንጂነር» አሉኝ። «ይስባል ጋሼ፣ ግን ክላምፕ ሜትሩን ይዩልኝ» አልኳቸው፤ አምፒር መለኪያውን ማለቴ ነው። አምፒሩ በመብራት ኃይል ካነበብነው በግልጽ ወርዷል፤ ፋኑ የሚሸከመው አየር ቀንሷል ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የሊፍት ሠራተኞቹ ሊፍቱ በጄኔሬተር አልነሳ ብሏቸው የመቆጣጠሪያ ካርዱ ተበላሽቷል፣ አልተበላሸም እያሉ ሲወዛገቡ ነበር። ካርዱ ደህና ነው። ሊፍት የፌዝ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ሪሌ ስላለው ፌዙ ሲገለበጥ አልሄድም ይላል፤ ፋን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ ካልተገጠመለት ዝም ብሎ ይገለበጣል። ቪኤፍዲ ያላቸው ማሽኖች አልተነኩም፣ ምክንያቱም የሞተሩን አቅጣጫ የሚወስነው ቪኤፍዲው ራሱ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ሞተር መነካካት ሳይሆን ከጄኔሬተሩ ወደ ቼንጅ ኦቨሩ በሚመጣው ኬብል ላይ ሁለት ፌዝ ማለዋወጥ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ጄኔሬተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ራሱ የሚነሳ ማሽን ነው፤ እጅህ ኬብሉ ላይ እያለ መብራት አይጠፋም ብሎ የሚምል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አላገኘሁም።

ሌላው ከውጭ በመጣ መመሪያ ብቻ የሚሠራን ሰው የሚያሳስተው ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ፋን ቀላል አየር ሲገፋ አምፒሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ አምፒር አይቶ «ሞተሩ ትርፍ አቅም አለው፣ ፑሌጃ እንለውጥና ይፍጠን» ማለት ይመጣል። ነገር ግን አብዛኛው ሞተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም እስከ 1,000 ሜትር የሚያገለግል ነው። ስስ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዘውም።

ከፍታው ይበልጥ የሚያስፈራው ቦይለሩ ላይ ነው። ፋብሪካ የተስተካከለው በርነር፣ ማለትም ናፍጣ ማቃጠያው እዚህ ሲመጣ ናፍጣው ያው ሆኖ ኦክሲጅኑ ያንሳል። ውጤቱ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሰል ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ። ውሃውን ሞልተን፣ አየሩን አስተንፍሰን፣ ፓምፑ መዞሩን አረጋግጠን፣ ሴፍቲ ቫልቩ የሚለቅበት ቧንቧ ሰው በማይቆምበት ቦታ መውረዱን አይተን በርነሩን ለኮስን። ከዚያ ጭስ ማውጫው ላይ ባስገባሁት መለኪያ እያነበብኩ የአየር ማስገቢያውን ቀስ በቀስ ከፈትኩ፣ ሞኖክሳይዱ እስኪወርድና ጭሱ እስኪጠራ ድረስ።

ቀጥዬ እሳት የሚያየውን ፎቶሴል ከቦታው ነቅዬ ሸፈንኩት። በርነሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ናፍጣውን ዘግቶ ቀይ መብራት አበራ። ጋሼ ሪሴቱን ሊጫኑ እጃቸውን ሲሰዱ ያዝ አደረግኳቸው። ሪሴት ደጋግሞ መጫን በብዙ ቦይለር ቤት ያየሁት ልማድ ነው፤ ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና አንዴ ሲይዝ የቦይለሩን በር ይዞ ይወጣል። አንዴ ተጭኖ እምቢ ካለ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ፈተና ቀረ፦ ሁሉንም አንድ ላይ ማስነሳት። የኩሽናውን መሳቢያ በሙሉ አቅሙ፣ የሽንት ቤቶቹን ማስወጫ በሙሉ አስነስተን፣ ንጹህ አየር የሚያስገባውን ፋን አጥፍተን፣ በሮቹን ዘግተን ቦይለሩ አጠገብ ዕጣን አጨስን። ጭሱ ወደ ጭስ ማውጫው መሄዱን ትቶ በበሩ ሥር ወደ ኮሪደሩ ተሳበ። ኩሽናው አየር ሲያጣ ከቦይለር ክፍሉ እየወሰደ ነበር። ደረቴ ላይ ያሰርኩት የሞኖክሳይድ መለኪያ ቁጥሩ መጨመር ሲጀምር በርነሩን አጥፍቼ ሰዉን አስወጣሁ።

ለየብቻ ሲፈተሹ ሁለቱም ማሽኖች ፍጹም ነበሩ። ቦይለር ክፍሉ በቀጥታ ከውጭ አየር የሚያስገባ፣ የማይዘጋ ፍርግርግ እስኪከፈትለት፣ የኮሪደሩ በር ጎማ እስኪገባለት፣ የኩሽናው መሳቢያም አየር ማስገቢያው ሳይነሳ እንዳይነሳ በኤሌክትሪክ ገመድ እስኪተሳሰር ድረስ አልፈረምኩም። ኮንትራክተሩ «ይሄ እኮ ዲዛይኑ ላይ የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ አማካሪ መሃንዲሱ አዲስ ሥዕል እንዲያወጣ ተደረገ። ሥራው አልቆ ያንኑ ፈተና ስንደግመው ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

በርክክቡ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ማሽን አምፒር፣ አቅጣጫና የፊልተር ግፊት በሁለት ዓምድ ጻፍኩ፤ አንዱ በመብራት ኃይል፣ ሌላው በጄኔሬተር። በግንባታው አቧራ የታፈኑት ፊልተሮች ሆቴሉ ከመከፈቱ በፊት በአዲስ ተለውጠዋል። አዲስ ቺንጊያ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ይለጠጣል፤ ተመልሼ መጥቼ አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ እንደገና ወጠርኳቸው።