«8 በመቶ ብቻ ነው እኮ»

ጅማ ውስጥ ለእጩ መምህራን ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ተራው የወለድ ነበር። ከሰዓት ነው፣ ክፍሉ ሞቋል፣ ግማሹ ልጅ እንቅልፍ ይዞታል። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ 10,000 ብር፣ በዓመት 7 በመቶ፣ 3 ዓመት። ሁሉም ቀመሩን አስገብቶ 2,100 ብር አለኝ። ጎበዞች።

«ከስልክ ብድር ወስዶ የሚያውቅ አለ?»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ እጅ አንድ በአንድ ወጣ። ብዙ እጅ። ኋላ የሚቀመጠው ልጅ የራሱን አጫወተን። 1,000 ብር ይጠይቃል፣ 80 ብር ቀድሞ ተቆርጦ 920 ይገባለታል፣ በወሩ 1,000 ይመልሳል። ወዲያው ደግሞ ያወጣል። እንዲህ እያገላበጠ ስድስት ወር ሆኖታል።

«8 በመቶ ብቻ ነው እኮ ቲቸር። ባንክም ለቁጠባ 7 ይከፍላል። ልዩነቱ 1 ነው።»

ማንም አልተቃወመውም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

«7ቱ በስንት ጊዜ ነው?»

«በዓመት።»

«8ቱስ?»

ዝም አለ። ጠመኔውን ሰጠሁትና ራሱ ወጥቶ ጻፈው። 80 ሲባዛ በ12፣ 960። እጁ የሚገባው ደግሞ 920 ነው። ቁጥሮቹን ትንሽ አያቸውና፣ «እንዴ! ዓመት ብቀጥል ከወሰድኩት በላይ ልከፍል ነው?» አለ። እስካሁን የከፈለው 480 ብር ነው። ካፌ ስንት ቀን እንደሚያበላው ጓደኞቹ ወዲያው አሰሉለት። ለዚህ ቀመር አላስፈለጋቸውም።

እኔም ልስቅበት አልችልም። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ጊዜ ደብዳቤዬ ላይ ያለውን ደሞዝ አይቼ ለእናቴ ቃል ገባሁ፣ መርካቶ ወርጄ ጫማ በዱቤ ገዛሁ። ለጡረታ 7 በመቶ እንደሚቆረጥ፣ ግብር እንዳለ፣ ማን ያስባል? ብሩ ሲመጣ ለዱቤው እንጂ ለእናቴ አልበቃም። በዚያው ሳምንት የማስተምረው ምን መሰላችሁ? በመቶኛ።

ልንወጣ ስንል ከሰቃ ጨቆርሳ የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። ፈተና ላይ ብዙም አይቀናትም፣ ክፍል ውስጥም አትናገርም።

«እናቴ ጀንፈሏን፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናዋን፣ ኅዳር ላይ አትሸጥም» አለች። «ያኔ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ለዕዳ የሚበቃትን ብቻ ታወጣና ሌላውን ለክረምት ታስቀምጣለች። ጎረቤታችን ግን ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ከነጋዴ ብር ይወስዳል፣ ሲለቀም በቡና ይከፍላል። ሐምሌ ላይ 2,000 ወሰደ። ጥቅምት ላይ የሰጠው ቡና ገበያ ቢወጣ 3,000 ያወጣ ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ ስንት በመቶ ነው ቲቸር?»

አስራ ምናምን ዓመት ወለድ ሳስተምር ቡና ምሳሌ አድርጌ አላውቅም። ያውም ጅማ ቁጭ ብዬ። መጽሐፉ ሁልጊዜ «አንድ ሰው ባንክ አስቀመጠ» ይላል፣ እኔም ተከትየው እሄዳለሁ።

ሰሌዳው ላይ 50 ብዬ ጻፍኩ።

ከኋላ ያው ልጅ ጮኸ፦ «በስንት ወር?»