ቤቶች! (የአዲስ ዓመት ሰላምታ ከሐዋሳ)

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ! የዘንድሮ ሰላምታዬ ረዘም ይላል። ቡና ካፈላችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጳጉሜን 1 ቀን አመሻሽ ላይ ጥቁር ውሃን ተሻግረን ሐዋሳ ገባን። 14 ሌሊት መኪና ውስጥ አድረን መመለሳችን ነበር። ከተማው እንደተውነው ነው። ዝናብ፣ ባጃጅ፣ የበዓል በግ የሚጎትት ሰው። በራችን ጋ ደርሰን ባለቤቴ ጥሩምባ ነፋ። ቁልፍ የተውንላት ጎረቤታችን እስክትመጣ ስንጠብቅ የ6 ዓመቷ ልጄ ከኋላ ብድግ አለችና፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምናስፈቅደው?» አለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ቶሎ ነው የጠፋብኝ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ መንገዱን።

መኪናችን ዶልፊን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትጭን የኖረች። ባለቤቴ ከታክሲ ሥራ ስትወጣ ገዛትና የኋላ ወንበሮቿን አስነቀለ። አናጢ መጥቶ የጣውላ አልጋ ሠራላት፤ በላዩ ስፖንጅ ፍራሽ። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን፣ ትንሽ ቡታጋዝ፣ መጋረጃ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ አንዲት ሶላር። ወንዱ ልጄ ዩቲዩብ ላይ አይቶ «ካምፐር» ይላታል። ጎረቤቶቻችን «ተንቀሳቃሽ ሱቅ ልትከፍቱ ነው?» ይሉን ነበር።

ከታክሲነት መውጣቷን ግን ሕዝቡ አልሰማም። አፖስቶ ላይ ቆም ስንል ሰው ከቦን «ዲላ ነው? ዲላ?» ይላል። ልጄ በመስኮት ወጥቶ «ሞልቷል! ሞልቷል!» ይላል። ደስ ብሎት እኮ ነው። አንዲት እናት ግን አልሰሙትም። ዶሯቸውን ታቅፈው ገቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ዘወር ዘወር ብለው አዩና «ጎሽ፣ ጥሩ መኪና ነው» አሉ። ዲላ ስናደርሳቸው ሂሳብ ካልከፈልኩ ብለው ከእኛ ጋር ተጣሉ።

ብዙ ሰው በክረምት ጉዞ ምን ይሉታል ብሎን ነበር። የወረድነው ወደ ደቡብ ስለሆነ ነው። በቦረናና በኮንሶ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ እኛ እዚህ ስንበሰብስ፣ እነሱ ጋ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ በማግስቱ፣ ነሐሴ 17፣ ስድስት ሆነን ወጣን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆችና እናቴ።

አንድ ነገር ግን አላሰብንበትም። እኛ አገር እንዲህ ላለ መኪና ተብሎ የተዘጋጀ ማደሪያ በየከተማው የለም። ስለዚህ በየማታው አንድ ሰው መጠየቅ አለበት። ዝርዝራችን ውስጥ ናፍጣ አለ፣ መለዋወጫ ጎማ አለ፣ ክሪክ አለ፣ ሽሮ አለ። መጠየቅ የለም።

የመጀመሪያው ማታ ዲላ ላይ ባለቤቴ አንድ ሆቴል በር ላይ መስታወት ዝቅ አድርጎ ጥበቃውን «ወንድሜ፣ ግቢው ውስጥ አቁመን ማደር እንችላለን?» አለው። ጥበቃው መኪናዋን አየ፣ እኛን አየ፣ ኃላፊ ጠራ። ኃላፊው የሁለት ክፍል ሂሳብ ጠየቀን። ክፍሉን ሳንነካ ከፍለን፣ እዚያው መኪናችን ውስጥ ተኛን። እናቴ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። መብራት ካጠፋን በኋላ በጨለማው ውስጥ «ማደሪያ እንዲህ ነው እንዴ የሚጠየቀው? በመስኮት?» አለች። ቀጥላ «ነገ እኔ ነኝ የምጠይቀው» ብላ ፊቷን አዞረች።

እናቴ ያደገችው ወሎ ገጠር ነው። አባቷ ገበያ የሚሄዱት በእግር ነበር፤ አንዳንዴም እሷን ያስከትላሉ። መሽቶባቸው በማያውቁት ሰው ቤት ያደሩበትን ሌሊት ቆጥራ አትጨርሰውም። እነሱም ቤት እንዲሁ ሰው ያድር ነበር። ያኔ ስሙ ካምፒንግ አይደለም። የመሸበት ሰው የእግዜር እንግዳ ነው፤ አለቀ።

በማግስቱ ከይርጋ ጨፌ ወጣ እንዳልን «አቁም» አለች። 11 ሰዓት አልሞላም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ያስፈራል ትላለች። ፊቱ መታየት አለበት። ባለቤቴን መኪናው ውስጥ ተቀመጥ አለችው። የትንሿን እጅ ይዛ ወረደች። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። አጥሩ ጋ ስትደርስ አልገባችም፤ ራቅ ብላ ቆማ «ቤቶች!» አለች። ረዘም አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ። አንዲት ትልቅ ሴት ብቅ አሉ። እናቴ ስለ ማደሪያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እንደምን ዋላችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል፣ ቡናው እንዴት ነው ዘንድሮ። ከዚያ «ለልጄ የሚጠጣ ውሃ» አለች። መኪና ውስጥ ሙሉ ጀሪካን አለን እኮ! በኋላ ስጠይቃት፣ ውሃ የሰጠ ሰው ማደሪያ መከልከል ያፍራል አለችኝ። ተንኮል ነው ወይስ ጨዋነት? እስካሁን አልለየሁትም።

የዚያን ማታ ዶልፊኗ እንሰት ሥር ቆመች። ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከእንሰቱ በላይ ሰማይ የሚነኩ ትልልቅ ዛፎች። ጌዴኦዎች ሦስቱን እላይ በላይ አድርገው ነው የሚያለሙት፤ ዛፉ ለቡናው ጥላ ነው፣ እንሰቱ የቤት ምግብ ነው። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህንን ለቤቱ እመቤት በኩራት ነገርኳቸው። «ጥሩ ነው» አሉና ወደ ቆሏቸው ተመለሱ። ቡናው ሲቆላ ትንሿ እጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጠዋት ባለቤቴ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ እናቴ በክርኗ ጎሸመችው። ከሻንጣዋ ስኳርና ሳሙና አወጣች። ለካ ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ያን ሁሉ ስኳር ስትገዛ ለዚህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ይኸው ሆነ። 11 ሰዓት ሲቃረብ ልጆቹ ራሳቸው «አያቴ፣ ያ ቤት እንዴት ነው?» ማለት ጀመሩ። እምቢ ያሉንም አሉ። አንዱ ጋ «ጊዜው አስቸጋሪ ነው፣ አትቀየሙን» አሉን። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተመለሰች፤ አልተቀየመችም። እኔ ተቀይሜያለሁ። ያን ማታ ከተማ ገብተን ነዳጅ ማደያ ጎን አደርን።

ያቤሎ ላይ ወንዱ ልጄ አንድ ወፍ አሳየን። ግራጫ ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አለው። ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ ውጪ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። እዚያ ግን አጥር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይለምናል። ኤል ሶድ ወርደን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆምን። ከታች ጥቁር ሐይቅ አለ፤ ሰዎች ጠልቀው ጨው የያዘ ጭቃ ያወጣሉ፣ አህዮች ያንን ተሸክመው ገደሉን ይወጣሉ። ትልቋ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከስልኳ ቀና አላለችም ነበር። እዚያ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

የቦረናን የውሃ ጉድጓድ ያየ አይረሳም። ሰዎቹ መሰላል ላይ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጡታል። ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አላቸው። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ እሱ ነው የሚያውቀው። ያሳደሩን አባት በጭስ የታጠነ ወተት ሰጡን። እኔ ሽታው ከበደኝ፤ እናቴ ሁለት ጠጣች።

ኮንሶ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ባለቤቴና እኔም ፈነዳን፤ መንገዱን ያሳጠረው ማነው በሚል። ወደ ዝርዝሩ አልገባም። ከጎሚስታው ስንመለስ ያየነው ነገር ግን ንዴቱን አስረሳኝ። በኮንሶ የድንጋይ ካብ በታጠሩ መንደሮች ውስጥ ሞራ የሚባል ትልቅ ቤት አለ። ታችኛው ክፍል ግድግዳ የለውም፤ ቀን ሰው ያርፍበታል። ማታ ወጣቶች እዚያ ያድራሉ። እሳት ቢነሳ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ ቀድመው እንዲደርሱ። ኮንሶ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሰው ያወራው ስለ እርከኑ ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ከሁሉም ያንን በር የሌለው ቤት ነው ይዤ የመጣሁት።

አርባ ምንጭ ሙቀት፣ ሙዝ፣ ትንኝ። ዓባያ ቀይ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ በመሃል የእግዜር ድልድይ። ዝንጀሮ ዳቦአችንን ወሰደ። ይበቃል።

ዶርዜ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ነው፤ ዶልፊኗ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች። ላዩ ብርድ ነው። ቤቶቹ በቀርከሃ የተሠሩ ናቸው፤ ረጃጅም፣ ፊታቸው ዝሆን የሚመስል። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ሰዎቹ አያፈርሱትም፤ የተበላውን ቆርጠው እዚያው ይኖሩበታል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ተሰብስበው ተሸክመው ይወስዱታል። ይህንን ስንሰማ ልጄ «ካምፐር ነዋ!» አለ። እናቴ የሰውዬውን ቤት ዳሰሰችና «የእኛ ይሻላል፤ ናፍጣ ብቻ ነው የሚበላው» አለች። ያሳደሩን ሰውዬ ሳቁ። ቆጮ ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። ዳጣው እንባ አስመጣ።

ሶዶ ላይ ራዲያተር ፈሰሰ፤ ተበየደ። በሻሸመኔ በኩል አድርገን ቤታችን።

አሁን ወደ በራችን እንመለስ። ልጄ «ማንን ነው የምናስፈቅደው» ስትል ከፊት ለፊቴ የራሴን በር አየሁ። ጥቁር ብረት ነው። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፤ ያስተከልኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ እጅ የምታህል መስኮት አለች። ያቺን መስኮት ሳይ አንድ ማታ ትዝ አለኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ታኅሣሥ 18፣ የገብርኤል ዋዜማ። ያን ሰሞን ሐዋሳ በእንግዳ እንደምትጨናነቅ የምታውቋት ታውቃላችሁ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ «ቤቶች! ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስኮቷ አየሁ። ነጠላ የተከናነቡ እናት፣ ከኋላቸው ሁለት ልጃገረዶች። «ልጄ፣ ማደሪያ አጥተን ነው። በረንዳው ላይ ጋቢ አንጥፈን...» አላስጨረስኳቸውም። «ይቅርታ እማማ፣ ባለቤቴ የለም» አልኩ።

ባለቤቴ ሳሎን ኳስ እያየ ነበር። ጎል ገብቶ ሲጮህ እሳቸውም ሳይሰሙት አልቀሩም።

«እግዜር ያሳድርሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጳጉሜን 3 መኪናዋን እያጠብን ለባለቤቴ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የትኛው ጨዋታ ነበር?» አለኝ። ስፖንጁን ወረወርኩበት። ማታ ግን ሳልጠይቀው የበረንዳውን አምፖል ቀይሮት አገኘሁ። ከተቃጠለ ወራት ሆኖት ነበር።

ትናንት፣ የዋዜማው ዕለት፣ የሰፈር ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ መጡ። ሌላ ጊዜ በመስኮቷ ብር አቀብዬ ነበር የምሸኛቸው። ዘንድሮ ግቢ ገብተው ጨፈሩ። እናቴ ድፎ ዳቦ ቆረሰችላቸው። አንዷ ዶልፊኗን አይታ «ይቺ ታክሲ ናት?» ብላ ጠየቀች። ትንሿ ልጄ «አይደለችም። ቤት ናት» አለቻት፤ ቆጣ ብላ።

ዲላ ድረስ አብረውን ለሄዱት እናት ከነዶሯቸው፣ እንሰት ሥር ላሳደሩን፣ ወተት ላጠጡን፣ ዳጣ ላቀረቡልን፣ ውሃ ሰጥተው ስማችንን እንኳ ላልጠየቁን ሁሉ መልካም አዲስ ዓመት። ይህ እነሱ ጋ እንደማይደርስ አውቃለሁ።

ለእናንተም፣ በሐዋሳ በኩል የምታልፉ ከሆነ፣ ዶልፊኗን ወደ ጥግ ካስጠጋናት ግቢያችን ሌላ አንድ መኪና ይይዛል። በረንዳው ሰፊ ነው፤ ዝናብ አያስገባም፤ መብራትም አለው። ከ11 ሰዓት በፊት ብትደርሱ እናቴ ደስ ይላታል። ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ሁለት ጊዜ «ቤቶች!» በሉ። ውሻው ይጮኻል፤ አይናከስም።