ከንፈሬ ሲደነዝዝ

መጀመሪያ የያዘኝ ቀን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ፣ ከስራ መውጫ ሰዓት፣ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን፣ መስኮቱም ዝግ፣ እና ያለምንም ምክንያት ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ፣ ሰው ሲደነግጥ እንደሚሆነው አይደለም ጉሮሮዬ ድረስ ነው ሚሰማኝ፣ ደረቴን የሆነ ነገር ተጫነኝ፣ ጣቶቼን ጉንዳን ሚሄድባቸው ይመስል ነዘረኝ፣ ከዛ ከንፈሬ ደነዘዘ። በቃ መሞቴ ነው አልኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" ብለው እጄን ያዙኝ፣ እጄ ላብ በላብ ሆኗል። ወራጅ አለ ለማለት ድምፄ እምቢ ሲለኝ እሳቸው ናቸው የጮሁልኝ፣ ኡራኤል ጋ አብረውኝ ወርደው ውሃ ገዝተው አጠጡኝ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኳቸውም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሆስፒታል ሄድኩ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳሁ፣ የደም ማነስም እንቅርትም ታየልኝ፣ ሁሉም ደህና ነው። ዶክተሩ "ምንም የለብሽም፣ አትጨናነቂ" ብሎ ሸኘኝ። ይሄ ንግግር እስካሁን ያመኛል፣ ምክንያቱም በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፣ እና ምንም ከሌለብኝ ይሄ ሁሉ ምንድነው እያልኩ የባሰ ፈራሁ። ጎረቤት ጨጓራ ነው አብሽ ጠጪ አለኝ፣ አክስቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ፣ እማዬ ጸበል ወሰደችኝ። ጸበሉ ሰላም ሰጥቶኛል፣ አሁንም እሄዳለሁ፣ ግን ሰውነቴ ላይ ሚሆነው ነገር ምን እንደሆነ ሚነግረኝ ሰው እፈልግ ነበር።

እሱን የነገረችኝ አንዲት የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርስ ናት፣ ፓኒክ አታክ ነው አለችኝ፣ ድንገት ሚነሳ ከባድ የፍርሃትና የጭንቀት ስሜት። ስንፈራ አድሬናሊን ሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሚገባው በላይ እናስወጣዋለን፣ ጣትና ከንፈር ሚነዝረው፣ ጭንቅላት ሚዞረው በዛ ነው። እኔ ደግሞ አየር ያነሰኝ እየመሰለኝ አፌን ከፍቼ ስስብ ስስብ ነው ምውለው! ያባባስኩት እኔው ነኛ። ያን ቀን እንባዬ መጣ፣ የሆነ ሰው አምኖኝ ስላስረዳኝ መሰለኝ።

አሁን ሲጀምረኝ እጄን ሆዴ ላይ አደርግና በአፍንጫ 4 ቆጥሬ አስገብቼ 6 ቆጥሬ አወጣለሁ፣ ትኩስ ሻይ እፍ እንደሚል ሰው በቀስታ። ዋናው ማውጣቱ ነው። ወዲያው አይለቅም ግን፣ ይሄን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ነው መውረድ ሚጀምረው፣ እና እስኪወርድ ድረስ መታገሉን ትቼ "እሺ፣ ይምጣ" እለዋለሁ። ደግሞ ልቤ ሲመታ መፍራቴ ራሱ አዲስ በሽታ ሆኖብኝ ስለነበር፣ ነርሷ ደረጃ በሩጫ ውጪ አለችኝ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ ቆሜ ልቤን አዳምጠዋለሁ፣ ሲረጋጋ እመለሳለሁ። ቡናም ቀነስኩ፣ አቦሉን ብቻ ጠዋት። እማዬ ቶናውን ስመልስባት አኩርፋ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች።

ብቻ ደረታችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ካመማችሁ እባካችሁ ጭንቀት ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ መጀመሪያ ታዩ።

ባለፈው ሳምንት እዛው መስመር ላይ ኡራኤልን ሳናልፍ ጀመረኝ። ጉሮሮዬ ጋ መጣ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። ወንበሬን አልለቀቅኩም፣ እፍ እያልኩ ቆጠርኩ፣ ስቴዲየም ጋ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ ሜክሲኮ ስንደርስ ግራ እጄን ገና ይነዝረኝ ነበር፣ እንደዛው ሆኜ ወርጄ ወደ ቤት ሄድኩ።